ማርቆስን ከተራራው ስናወርደው

እኛ ሰዎች ድንኳን ስናይ መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው «ማን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ማን አገባ?» የሚልም አይጠፋም፤ ግን ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ይኸኛው ጥያቄ እየሳሳ ይሄዳል። ድንኳን ለእኛ ብዙ ሰው ማለት ነው። ከየቤቱ የተሰበሰበ አግዳሚ ወንበር፣ ንፍሮ፣ ስሙን ከማታውቁት ሰው አጠገብ ተቀምጦ አንገት መድፋት ማለት ነው። ብቻውን ድንኳን ውስጥ የሚተኛ ሰው ካያችሁ ወይ ወታደር ነው ወይ ቤቱ ፈርሶበታል። ሌላ ዓይነት አላውቅም ነበር፤ ፈረንጆቹ ጂንካ እስኪመጡ ድረስ።

ደርግ ወድቆ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ቱሪስቱ ወደ ደቡብ ኦሞ መጉረፍ ሲጀምር እኔም የጭነት መኪናውን ትቼ ላንድክሩዘር ያዝኩ። አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ሰው ሊያይ ነው። ዱስ ይወርዳል፣ አርቦሬ ይሄዳል፣ ሰዉን ከራሱ እስከ እግሩ ፎቶ ያነሣዋል፣ አመስግኖ ይመለሳል። ከመካከላቸው ግን ጥቂት ሌላ ዓይነቶች አሉ። እነዚህ ሰው ማየት አይፈልጉም። «አጥር ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው፣ ዘበኛ ያለው የካምፕ ቦታ አለ» ስትሏቸው ጥርሳቸውን ልታስነቅሏቸው የምትወስዷቸው ይመስል ፊታቸው ጭምድድ ይላል። የሚፈልጉት ማንም የማያዝበት፣ መንገዱ የሚያልቅበት ደረቅ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ጥድ ሥር ደልዳላ መሬት ፈልጎ፣ ደስ ባላቸው ቦታ ድንኳናቸውን መትከል ነው። ጨዋ ስለሆኑ «ቦታው የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «የማንም አይደለም» ትላላችሁ። ይህን ስትሉ ታዲያ ፍየሎቹን አስከትሎ የቆመ አንድ ሰውዬ በግራሩ ጥላ ሥር ሆኖ በመገረም ያያችኋል።

መጀመሪያ ሰሞን በጣም እስቅባቸው ነበር። ፍራሽ ያለው ሰው ድንጋይ ላይ ለመተኛት ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ኋላ ግን ለመድኩት። እንዲያውም ከሥራው ሁሉ የምወደው እሱን ሆነ። ይህም የሆነው በማርቆስ ምክንያት ነው።

ማርቆስ ለካምፕ እንግዶች ምግብ የሚያበስልልን ኩካችን ነበር። በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ ጂንካ ውስጥ ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ጡብ ሲሸከም ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከአንድ ካምፕ ሰሃን አጣቢ ጎድሎ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሲሚንቶው አልተመለሰም። ድስቱን ፍም ውስጥ ቀብሮ የሚጋግረውን ዳቦ የበላ ፈረንጅ ሁሉ አድራሻውን ይጠይቀዋል። ሽንኩርት ሲከትፍ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር ይዘምራል። እንግዶቹ መንፈስ ቅዱስ ነክቶት የሚያለቅስ እየመሰላቸው ቀስ ብለው ከአጠገቡ ዘወር ይሉለታል።

ሚስቱ ዘነበች የገዘር ልጅ፣ አሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ነጭ ሽንኩርትና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ትሸጣለች። ልጅ አልወለዱም። ቱሪስት የሚመጣው በደረቁ ወራት ስለሆነ፣ ማርቆስ በጋውን ሙሉ ጫካ ነው፤ ቤቱ የሚገባው ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋ ነው። ዘነበች ታዲያ «እኔ ያለኝ የዝናብ ባል ነው» ትላለች። «ሌላው ሰው ደመና ሲያይ ስለ እርሻው ይደሰታል፤ እኔ ደመና ሳይ ጠላ ቤት አምሽቶ እንደሚመጣ ባል ለሚመጣልኝ ሰውዬ አልጋ አነጥፋለሁ።» ማርቆስ ጠላ አይቀምስም፤ ይህን ስትል ግን ከማንም በላይ የሚስቀው እሱ ነው። ከተራራ ወርደን ስልኩ ኔትዎርክ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። እሷም ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ምን በላህ?» ኩክ ምን በላህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ስሸሸው እንደቆየሁ ሳይገባችሁ አልቀረም።

አንድ በጋ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ፈረንጆች ይዘን ወጣን። ከቀይ አፈር ከተማ አልፎ፣ መንገዱ ወደ ወይጦ ቆላ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት፣ በስተግራ የሚታይ ጥድ የለበሰ ተራራ አለ። ከላዩ ሲቆሙ ከታች ቆላው እንደ ምጣድ ሲግል ይታያል፤ ላዩ ላይ ግን ነፋስ አለ። ኔትዎርክ የለም። ፈረንጆቹ የወደዱትም ይኸንኑ ነው። እኔና ማርቆስ በዚያ ሰሞን የሳቅነውን ያህል ስቀን አናውቅም። ማርቆስ የቤቱን ጣሪያ ሊቀይር አስቧል። ዘነበች ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ስለሚጮህ እንቅልፍ ነሣኝ ብላዋለች። ከሥሩ ኮርኒስ ሊያስገባበት ነው። በየምግቡ መሐል ስለ ኮርኒሱ ያወራል። ማታ ተኝቶ ያሰበውን ጠዋት እንጨት እየፈለጠ ያወራል። አሮጊቷ ፈረንጅ ስለ ምን እንደሚያወራ ጠየቀችኝና ነገርኳት፤ «ሚስቱ ዕድለኛ ናት» አለች። ተርጉሜ ነገርኩት። ማርቆስ አፈረ።

ስንወርድ ቀይ አፈር ላይ ስልኩ ኔትዎርክ አገኘ። ተከታታይ መልእክት ገባበት። የመጀመሪያውን ከፈተና ለእኔ አሳየኝ። «ወንድም ማርቆስ፣ ጌታ ያጽናናህ» ይላል። የላከው ከርቀት የሚያውቀው አንድ አናጢ ነው። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ሁሉም ያጽናኑታል፤ ማን እንደሞተ የሚናገር ግን የለም። ሁሉም ሌላው ነግሮታል ብሎ ነው የጻፈው።

«ማን ሞቶብኝ ነው?» አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። ማን እንደሞተ ልትነግረው የምትችለው እሷ ናትና፣ ዘነበች ጋ ደወለ። ስልኳ ጠራ። ተነሣ። እስከ እኔ ድረስ የሚሰማው ድምፅ ግን የወንድ ነበር፤ የታናሽ ወንድሟ የደምሴ ድምፅ። «ሃሎ» አለ ደምሴ። «ሃሎ ጋሼ…» ከዚያ ወዲያ አልቀጠለም።

ማርቆስ ትንሽ አዳመጠ። ስልኩን ዘጋው፣ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉን ቆለፈበት። «እንሂድ» አለኝ። ፈረንጆቹ ከኋላ ሆነው «ሁሉም ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። ደህና ነው አልኳቸው።

መርዶ ወግ እንዳለው ታውቃላችሁ። ማለዳ ይነገራል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ አንደበቱ የቀና ሰው ይመረጣል፣ ጉልበት ያለው ከአጠገቡ ይቀመጣል፤ ሰውዬው ሲወድቅ እንዲይዘው። ለማርቆስ መርዶ የተናገረ ሰው የለም። ደጃፉ ላይ የተተከለው ድንኳን ነው የነገረው። ዘነበች ገበያ ልትወጣ ስትሰናዳ ጓሮ ወድቃ፣ ሰው ደርሶ ሲያነሣት ብዙም ሳትቆይ አልፋለች። ደምሴ ለማርቆስ ሲደውል ሲደውል ስልኩ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው ትለዋለች ያቺ የማትሰለቸው ሴትዮ። ሬሳ ማቆያ የለም። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ቀበራት። እኛ ተራራው ላይ ስለ ኮርኒስ ስናወራ እሷ አፈር ገብታ ነበር።

ማርቆስ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አላለቀሰም። እንዴት ሆነ ብሎ አልጠየቀም። እንዲያውም ተነሥቶ ለቀስተኛው የሚበላው ምስር ጨው እንዳነሰው ቀምሶ ጨመረበት። ሰዉ «ጠንካራ ነው፣ እምነት ያለው ሰው ነው» ተባባለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ደምሴ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ድንኳኑ ሲነሣ ማርቆስ ጥቂት ጊዜ ቤቱ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን በሩን ከርችሞ ጠፋ። ድሮ እንግዶች ጥለውለት የሄዱት አሮጌ የካምፕ ድንኳን ነበረው፤ እሱም ከቤቱ አልተገኘም።

ጂንካ እንዲህ ዓይነት ነገር ዝም ብላ አታሳልፍም። አንዱ ወርቅ አግኝቶ ነው አለ። ሌላው የፈረንጆቹ ሰላይ ነበር አለ፤ ምን ሊሰልል እንደሆነ ሲጠየቅ «እሱን እኔ አላውቅም» አለ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክፉ መንፈስ ይዞት ይሆናል ተባለና ጸሎት ተያዘለት። ከሁሉም የባሰው የሴቶቹ ወሬ ነው፦ ሚስቱን ያልቀበረ ሰው፣ ሐዘኑንም ትቶ ሽርሽር ወጣ። ፈረንጅ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ቃል ደምሴ ጆሮ ደረሰ፤ ደምሴም ወደ እኔ ቤት መጣ።

«መኪና አለህ፤ የት እንዳለም ታውቃለህ» አለኝ።

የት እንዳለ ማንም አልነገረኝም፤ ግን አውቄ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ኤልያስን ይዘን ሦስት ሆነን ወጣን። አቶ ኤልያስ መልካም ሰው ናቸው፤ ጸሎታቸው ብቻ ከጂንካ ቀይ አፈር ያደርሳል። በዚያ ቀን በእርግጥም አደረሰ።

ተራራው ሥር መኪናዬን ሳቆም አንድ ጎልማሳ የበና ብሔረሰብ ሰው በርኮታውን፣ ያቺን የእንጨት መቀመጫውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ኦይታ ይባላል፤ ከብቶቹን እዚያ አካባቢ የሚያግድ ሰው ነው፣ ከካምፑም ጊዜ ጀምሮ ያውቀናል። አማርኛው ከገበያ የተለቀመ ነው።

«ማርቆስ ላይ አለ» አለ። «ጥሩ ሰው። ያበስላል፣ ይሰጣል። ጉርብትና ይችላል።»

«ብቻውን ነው?» አለ ደምሴ።

«ብቻ ነው። ሚስት አልመጣችም።» ኦይታ አንገቱን አዘንብሎ መኪናው ውስጥ ተመለከተ። «እናንተ ታመጧት መስሎኝ ነበር። ጂንካ አለች አለኝ። ገበያ አላት፣ አሁን አይመቻትም አለኝ። ዝናብ ሲመጣ እሱ ይወርዳል እሷ ጋ።»

ሦስታችን ተያየን። አቶ ኤልያስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ደምሴ ክንዳቸውን ያዛቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ መመለስ ፈልጌ ነበር። ግን ሦስት ሰው ሆኖ የሄደ ነገር በአንድ ሰው ፍላጎት አይመለስም፤ ሽምግልና የሚባለው ነገር ጉዱ ይኼ ነው።

ማርቆስ ድንኳኑን የተከለው ያኔ በነበረበት ቦታ ነው፤ ያቺው ጥድ ሥር። ዙሪያው ተጠርጓል። እንጨቱ በየልኩ ተፈልጦ ተደርድሯል። ልብሱ ታጥቦ ተሰጥቷል። እብድ አገኛለሁ ብለው የመጡት አቶ ኤልያስ ተደናገሩ። ማርቆስ እንግዳ እንደሚቀበል ኩክ ሆኖ ተቀበለን፤ ድንጋዮቹን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠን፣ ትኩስ ዳቦ ቆርሶ ሰጠን፣ ስኳር እያማሰለ ሻይ አቀረበ። በልተን ስንጨርስ አቶ ኤልያስ ስለ መጽናናት ተናገሩ። ስለ ትንሣኤ ተናገሩ። ስለ ጎረቤት ወሬም ጥቂት ተናገሩ። ማርቆስ እጁን አጣምሮ በአክብሮት አዳመጣቸው።

«ግን እዚህ ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት እኔ።

«ካምፒንግ ነዋ» አለ። ትንሽ ሳቅ አለ። «ፈረንጅ ሲያደርገው ዕረፍት ይባላል። እኔ ሳደርገው ሽማግሌ ይላክብኛል።»

አቶ ኤልያስም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ያልሳቀው ደምሴ ነው። ብድግ ብሎ ቆመ።

«አላለቀስክላትም!» አለ። «አንዲት ቃል አልጠየቅከኝም። እንዴት ሞተች አላልክም። ምን አለች አላልክም። እኔ እዚያ ድንኳን ውስጥ ትጠይቀኛለህ፣ ትቆጣኛለህ፣ ለምን ሳልመጣ ቀበርካት ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅህ… አንተ ጨው ትጨምራለህ!»

ማርቆስ አልተቆጣም። የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ አንዱን በሌላው ውስጥ ከተተ።

«ቁጭ በል ደምሴ» አለ። «ቁጭ በል ወንድሜ። እኔ አንተን አልተቀየምኩም። ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ እዚህ ሆኜ ሳለ እሷ ሞታ ነበር። ገባህ? ኮርኒሱን ሳስብ ሞታ ነበር። ተቀብራ ነበር። እዚህ ግን አልሞተችም። ጂንካ ሞታለች፤ ቤቱ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ገበያ የሚገናኙኝ ሁሉ ዓይናቸው ያውቃል። ይኼ ተራራ ግን አልሰማም። እዚህ ስነሣ ያው ባለትዳር ነኝ። ኦይታ ሚስትህ ደህና ናት ወይ ይለኛል፣ ደህና ናት እለዋለሁ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ አላበድኩም። ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ ተዉኝ።»

ነፋሱ ጥዱ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ይሰማል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእኔ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ሻዬን አመስግኜ መኪናዬን አስነሥቼ እወርድ ነበር። አቶ ኤልያስ እንኳን ያን ሁሉ ጥቅስ ይዘው ለመውረድ ኮታቸውን ቆለፉ። ደምሴ ግን አልቻለም። ያ ሁሉ ቀን ተሸክሞት የከረመው ነገር አለ፤ የሚያወርደውም ለማርቆስ ብቻ ነው። ተንበርክኮ መናገር ጀመረ።

«ጓሮ ወደቀች ጋሼ። ቅርጫቷን ይዛ ነበር። እኔ ስደርስ ትናገር ነበር። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ሰማችና ‹መጣ እንዴ?› አለች። አልመጣም አልኳት። ‹ኧረ ገና ነው፣ ዝናብ የለም› አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ጠበቅኩህ። ሰዉ ሁሉ ቅበራት ይለኛል፣ እኔ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ መንገድ እሮጣለሁ…»

ማርቆስ መጀመሪያ እጁን አነሣ፤ በቃ እንደሚል ሰው። ደምሴ አላየውም። ኋላ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያም መጠየቅ ጀመረ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልጠየቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀ። ማን አጠባት? የቱን ቀሚስ አለበሷት? ሰማያዊውን? ለምን ሰማያዊውን፣ እሱ ይጠብባታል እኮ። ጉድጓዱን እነማን ቆፈሩት? ድንጋያማ ነበር? ሲያወርዷት አልተንገላታችም? ደምሴ እያለቀሰ መለሰለት። ጥያቄው ሲያልቅ ማርቆስ ግንባሩን ከጥዱ ግንድ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። እንዴት እንዳለቀሰ አልነግራችሁም። የሰው ልቅሶ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ብዙው ግን ለሰሚም ጭምር ነው። ይህኛው ለማንም አልነበረም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ማርቆስ ፊቱን ታጥቦ፣ የድንኳኑን ችካሎች ራሱ ነቀላቸው። ልንረዳው ስንል እምቢ አለ።

«እንግዲህ እዚህም ሞተች» አለ ድንኳኑን እየጠቀለለ። «ምን አደርጋለሁ።»

ስንወርድ ኦይታ መኪናው አጠገብ ይጠብቀን ነበር። በትንሽ ቅል ማር ይዟል። ለማርቆስ ዘረጋለትና «ለሚስትህ» አለው። «ሰላም በልልኝ።»

ማርቆስ ቅሉን ተቀበለ። ይዞት ቆመ።

«ሞታለች ኦይታ» አለ። «አሁን ነገሩኝ።»

ኦይታ አንዳችንን ከአንዳችን እያፈራረቀ አየን። «እናንተ ናችሁ የነገራችሁት?» አለ። «አዎ» አሉ አቶ ኤልያስ፤ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ ወጣ። ኦይታ ፊቱን ከእኛ አዞረ። በርኮታውን መሬት አስቀመጠና ማርቆስን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው፤ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኛ መኪናው ውስጥ ገብተን ጠበቅን። የቸኮለ ሰው አልነበረም።

ጂንካ ስንደርስ የሆነውን ብታዩ! እልልታ ነው። በማግሥቱ በጉባኤ መካከል ምስጋና ቀረበ፣ አቶ ኤልያስ ምስክርነት ይስጡ ተብለው እንደ ወትሯቸው ሳያስረዝሙ ተቀመጡ። ደምሴ በዚያው ሰሞን ፊቱ ሞላ፣ እንቅልፍም መጣለት፤ ለእሱ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ሴቶቹም ማርቆስን ማማት ተዉት። አሁን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ ያበስላል። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ ቤቱ ያድራል። ካምፕ ውጣ ብለው የድሮ እንግዶቹ ቢልኩበት እምቢ አለ። «ዳነ» ይላል ሰዉ። እኔም በመንገድ ሳገኘው ደህና ነህ ወይ እለዋለሁ፣ ደህና ነኝ ይለኛል፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋና እንለያያለን።

በዚህ ሰሞን ደግሞ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ቤቴ መጡ። አንዲት መምህርት ልጇ ከሞተባት ወዲህ ገዘር አካባቢ አንድ ጎጆ ተከራይታ፣ ከሰው ተለይታ ተቀምጣለች አሉኝ። ስለ ልጇ ዛሬ ትምህርት ቤት እንደዋለ አድርጋ ታወራለች አሉ። ሄደን እናምጣት፣ ይህ ደግ አይደለም፣ አንተ ደግሞ ልምዱ አለህ፣ ማርቆስን ያህል ሰው ያወረድክ ነህ አሉኝ።

«መኪናዬ ተበላሽቷል» አልኳቸው።

መኪናዬ ከኋላቸው፣ ጠዋት የታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። አንዱ ዞር ብሎ አየው።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለኝ።

«እኔንጃ» አልኩት። «ወደዚያ ሲሉት አይነሣም።»